አርባው ኅዳር 19 ነው

የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ልጁ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ በዋትስአፕ ደውሏል። አክስቱ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት፣ ኪዳን የማያስታጉሉ። ሁለቱም በሐሳብ የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ክርክራቸው ግን ዘመድ የሞተበት ቤት ሁሉ የሚያውቀው ነው። እኔ ወደ ማን እንደማደላ አንባቢ ቶሎ ስለሚደርስበት አልደብቀውም። ልጁ ግን ከጠበቅሁት በላይ ተከራከረ።

ልጅ፦ እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ትኬቴን ቆርጫለሁ። ኅዳር 11 እገባለሁ፤ አርባውን ኅዳር 14 እናውጣ።

አክስት፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንኳን መምጣትህ ተሳካ። አርባው ግን ኅዳር 19 ነው። አባትህ ያረፈው ጥቅምት 10 አይደለም እንዴ? ቁጠረው።

ልጅ፦ ቆጥሬዋለሁ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ከገባ በኋላ በሬ መጣል የለም። ታላቅ ወንድማችሁ ጋሼም ቀኑን ትንሽ ሳብ እናድርገው ብለዋል።

አክስት፦ ለበሬው ሲባል አርባው ሠላሳ አምስት ይሁን?

ልጅ፦ እኛ የጀመርነው ነገር አይደለም። ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል።

አክስት፦ ያደርጋል። ጾሙን አልሻርንም፣ ሥጋውንም አላጣንም። የተነካው ቀኑ ብቻ ነው፤ ቀን ደግሞ አፍ አውጥቶ አይከስም። ለመሆኑ ስንት በሬ ነው ያሰባችሁት?

ልጅ፦ ሁለት። ድንኳን፣ ወንበርና ሳህን ከእድሩ እናገኛለን። ጠላውን ጋሼ አስጠምቃለሁ ብለዋል። ወደ 400 ሰው ይጠራል። እርስዎ በገንዘቡ እንዳይጨነቁ፣ ሁሉንም እኔ እችላለሁ።

አክስት፦ ዛሬ ደህና ሰንጋ ከ100,000 ብር በላይ ነው። በእጅህ ያለ ገንዘብ ነው?

ልጅ፦ ግማሹ አለኝ። የቀረውን በክሬዲት ካርድ አወጣና ቀስ እያልሁ እከፍላለሁ።

አክስት፦ አንድ ነገር ልንገርህ። አያትህ፣ እናታችን ማለቴ ነው፣ ሲሞቱ አባታችን ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጦ ተዝካር አወጣ። አገሩ ሁሉ በላ፣ ጠጣ፣ “እንዲህ ነው እንጂ ቁም ነገረኛ” ተባለ። በቀጣዩ ክረምት ባለ አንድ በሬ ሆኖ ከጎረቤት ጋር መከናጆ ገባ። ተራው እስኪደርስለት ዝናቡ አለፈው። አባትህ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሰው ከብት ሊጠብቅ የተቀጠረው ያን ዓመት ነው።

ልጅ፦ አባባ ይህን ለእኔ አውርተውልኝ አያውቁም።

አክስት፦ አያወራማ። ምን ብሎ ይናገር? የእናቱ ተዝካር ነው። ማን ላይ ይፈርዳል?

ልጅ፦ ራሳቸውም ቢሆኑ ተዝካር አይወደድም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

አክስት፦ አይልም! የየሰዉን ተዝካር ጠላ ሲጠጣ ነው የኖረው። እኔ አባትህን ቅዱስ ላደርገው አይደለም የተነሣሁት። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ይህ ድግስ ለእሱ ነፍስ ነው ወይስ ለእኛ ስም?

ልጅ፦ እሱን እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ግን እትዬ፣ ከእኔ ቦታ ሆነው ይዩት። የአባባን ሞት የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ለወላጅ ሞት ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጡኝ፤ በሦስት ቀን ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ የለም። በአራተኛው ቀን ተመልሼ ገባሁ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ትከሻዬን ነካ አድርጋ አለፈች፤ በቃ፣ ለቅሶዬ ይኸው ነበር። እዚህ አገር ሙት ቶሎ ይረሳል፤ መርሳቱ እንደ ጤንነት ነው የሚቆጠረው። እኔ አልረሳም ያልሁበት መንገድ አርባው ነው። እዚያ ‘የአካባቢው ልማድ’ የሚባለው ነገር እዚህ ላለሁት ለእኔ የዚህን አገር ልማድ እንቢ የምልበት ነው።

አክስት፦ ይህን እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። እውነትህን ነው።

ልጅ፦ በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ዕለት ያለውን ላጫውትዎ። ብዙውን ጊዜ ጾማችን ውስጥ ይወድቃል። ያ የሚያህል ተርኪ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጣል። አለቃዬ ራሷ ትቆርጥልኛለች። “ትንሽ ቅመስ፣ አምላክህ አይቆጣም” ይሉኛል። እኔ ከቤት የያዝሁትን ምስር በእንጀራ አወጣለሁ። መጀመሪያ ይስቁ ነበር። አሁን አይስቁም፤ አንዳንዴ እንደ እንግዳ ያዩኛል። እና እኔን ስለ ልማድ ባይወቅሱኝ።

አክስት፦ አልወቅስህም፣ ኮራሁብህ እንጂ። ግን እስቲ አስበው፤ ለብቻህ ተርኪ ፊት ተቀምጠህ ጾምህን የጠበቅህ ሰው፣ ከዘመዶችህ መሀል ስትገባ ለበሬ ብለህ የአባትህን ቀን ልትለውጥ ነው?

ልጅ፦ ያ ሌላ ነው።

አክስት፦ እንዴት ሌላ ሆነ?

ልጅ፦ እዚህ የሚስቁብኝ የማያምኑ ናቸው። እዚያ የሚታዘቡኝ ግን ክርስቲያኖች ናቸው፤ ያሳደጉኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ። ለእነሱ እንቢ ማለት ሃይማኖቴን እንቢ ማለት ይመስላል።

አክስት፦ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት የቆምሁበት ነገር ይህ ነው! ልጆቹ ሰማዕታት ሲባሉ ሁልጊዜ አረማዊ ንጉሥና ጣዖት ነው የሚታያቸው። ዲዮቅልጥያኖስ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አለቀ። መነኩሴው አቡነ አኖሬዎስ ግን ማንን ገሠጹ? ማን አስገረፋቸው? ጣዖት አምላኪ አይደለም። ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዓምደ ጽዮን ነው፤ ክርስቲያን ንጉሥ። የአባቱን ሚስት አግብቷል ብለው ገሠጹት፤ እሳቸው ተገረፉ፣ ብዙ መነኮሳትም ተሰደዱ። ነገሥታት ከአንድ በላይ ሴት ማኖራቸው ያኔ የቤተ መንግሥት ወግ ነበር፤ ማንም ሰው ‘ሃይማኖት ተነካ’ አላለም። የተነካች የመሰለችው መነኮሳቱ ሲናገሩ ነው። ሕዝቡ ምን ብሎ ይሆን? “ቤተ ክርስቲያን የሚሠራልን ንጉሥ ላይ?”

ልጅ፦ አሁን ጋሼን ከዓምደ ጽዮን ጋር አንድ አደረጉብኝ።

አክስት፦ (ሳቁ) ጋሼ ጅራፍ የላቸውም። ኩርፊያ ግን አላቸው።

ልጅ፦ እንደ ቀልድ አይውሰዱት፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው። ደግሞም እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ “ሁሉ ተሳስቷል፣ እኔ ብቻ ገብቶኛል” ማለትም ትዕቢት ይሆናል።

አክስት፦ ይሆናል። ለዚህ ነው ለብቻዬ ያልወሰንሁት፤ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

ልጅ፦ ምን አሉ?

አክስት፦ “ቅዳሴውና ፍትሐቱ በቀኑ ይሁን፤ ድግሱን እንደ አቅማችሁ” አሉኝ።

ልጅ፦ እንደ አቅም! ጋሼም እንደ አቅም ነው የሚሉት። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ነው ታዲያ።

አክስት፦ ቄሱ ዝም ቢሉም መጽሐፉ ዝም አላለም። በ4ኛው መቶ ዓመት፣ የሐዋርያት ሥርዓት እየተባሉ በሶርያ ከተሰበሰቡት ደንቦች ውስጥ የሙታን መታሰቢያ አለ። የሚታሰብባቸው ቀናት ተቆጥረዋል፤ መታሰቢያውን እኛ አልፈጠርነውም፣ ጥንታዊ ነው። እዚያው ላይ ግን ከሟቹ ንብረት ለድኾች ይሰጥ ይላል። ልብ በል፣ ከሟቹ ንብረት። ከልጁ ብድር አይልም። ቀጥሎም ለመታሰቢያው የተጠሩ ሰዎች በልክ እንዲበሉ፣ እንዳይሰክሩ ያዝዛል። ያኔም የሚሰክር ባይኖር ደንቡ ለምን ተጻፈ?

ልጅ፦ መብላቱ ራሱ አልተከለከለማ።

አክስት፦ አልተከለከለም፤ እኔም አልከለክልም። ደግሞ የሞኒካ ነገር አለ። የአውግስጢኖስ እናት። ልጇ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ነው ያለው። ከሰሜን አፍሪካ ልጇን ተከትላ ሚላን ሄደች። በአገሯ እንደለመደችው ገንፎ፣ ዳቦና ወይን ይዛ ወደ ሰማዕታት መቃብር መጣች። ያ ወግ በአገሯ የተከበረ ነው፤ እሷም የታወቀች ጸሎተኛ ናት። በረኛው ከለከላት። ጳጳሱ አምብሮስዮስ ከልክለዋል አላት።

ልጅ፦ ለምን ከለከሉ?

አክስት፦ ለሰካራም ምክንያት እንዳይሆን ነው፤ ደግሞ አረማውያን ለሙታኖቻቸው የሚያደርጉትን ይመስል ነበርና። ልጇን የገረመው አለመከራከሯ ነው። የሚገርመው ሌላው ደግሞ ስጦታዋን አለመተዋ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መቃብሩ ጸሎቷን ይዛ ሄደች፤ የምትችለውን ደግሞ ለድኾች ሰጠች። ፍቅሯ አልቀረም፣ ሰሃኑ ነው መንገድ የቀየረው።

ልጅ፦ ይህ የካቶሊኮች ታሪክ አይደለም?

አክስት፦ አምብሮስዮስ ያረፉት በ397 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኬልቄዶን ጉባኤ የተለያየነው በ451። በል ተወኝ! ከራሳችን ካልህ ዮሐንስ አፈወርቅ አለልህ፤ በስሙ ቅዳሴ አለን። ለሞተ ሰው የሚጠቅመው ጸሎት፣ መሥዋዕትና ምጽዋት ነው እያለ የሰበከ ነው። እሱም በስደት ላይ በ407 ያረፈው በአረማውያን እጅ አይደለም፤ በመስቀል የሚያማትቡ የቤተ መንግሥት ሰዎች ናቸው ያሳደዱት።

(እዚህ ላይ ኔትወርክ ተቋረጠ። እንደገና እስኪገናኙ እኔ አንድ ቃል ልጨምር። የተማረ ሰው የዘመዶቹን ወግ በመጻሕፍት ሲመታ ደስ አይለኝም፤ ብዙ ጊዜ ወጪ ለመሸሽ የሚደረግ ነውና። “ለድኾች እሰጣለሁ” ብሎ ድግሱን አስቀርቶ ለድኾችም ያልሰጠ ሰው አውቃለሁ፤ አንባቢም ሳያውቅ አይቀርም። የአክስትየውን ክርክር ከዚያ የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ነው።)

ልጅ፦ ሄሎ? ተቋርጦ ነበር። እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለቅሶው ጊዜ ድንኳኑን ማን ተከለው? በሦስቱ ቀን ከእርስዎ ጋር ፍራሽ ላይ ያደረው ማን ነው? ንፍሮውን የቀቀለው፣ ቡናውን ያፈላው? ያው የሚነቅፉት ልማድ አይደለም?

አክስት፦ ነው። ያ ድንኳን ባይኖር እኔ ዛሬ በእግሬ አልቆምም ነበር። ማንም ሳይጠራ መጣ። ለዓመታት ያላናገረችኝ ጎረቤቴ እግሬን አጠበችኝ። ወንጌል በሥራ የታየበት ቀን ካለ ያ ነው፤ ያመጣውም ልማድ ነው፣ ስብከት አይደለም። ስለዚህ ‘ልማድ ይጥፋ’ የሚል ሰው ሲመጣ እኔ ከአንተ ጋር ሆኜ እሟገታለሁ።

ልጅ፦ እና አርባው ላይ ምን ተለየ?

አክስት፦ ለቅሶ ላይ የመጣው ሰው ይዞ ነው የመጣው። አርባው ላይ እኛ ሰዎቹን እንመርጣለን። የ400ውን ስም ዝርዝር ማን ያወጣል?

ልጅ፦ ጋሼ።

አክስት፦ እነማን አሉበት?

ልጅ፦ ዘመድ፣ እድርተኛ… የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ የጋሼ የንግድ ወዳጆች።

አክስት፦ ነዳያኑስ?

ልጅ፦ እነሱ ሳይጠሩም ይመጣሉ። ከድግሱ በኋላ ይሰጣቸዋል።

አክስት፦ በአጥሩ በኩል፣ የተረፈው፣ በፌስታል። አየህ፣ ጌታ በአንድ ፈሪሳዊ ቤት ማዕድ ቀርቦ ስለ ግብዣ ሲያስተምር ብድር መመለስ የማይችሉትን ስለ መጥራት ነው የተናገረው። እኛ መመለስ የሚችለውን ቆጥረን እንጠራለን፤ ያ ሰው ደግሞ በተራው ሲጠራን ሄደን እንበላለን፣ እንዲህ እየተበዳደርን እንኖራለን። ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው ከፊት፣ ድኻውን ከእግር በታች የሚያስቀምጡትን ሲወቅስ ስለ ጣዖት ቤት አይደለም የሚናገረው። ስለ ጉባኤያችን ነው።

ልጅ፦ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ከነዳያን ጋር አንድ ማዕድ ላይ ላስቀምጠው ነው የሚሉኝ? እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?

አክስት፦ ይል ይሆናል። ክርስትና አገራችን ከመጣ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት ይህን ስናደርግ ሰው የሚደነግጥ ከሆነ፣ የደነገጠው ሰው ነው ወይስ እኛ የቀረን ነገር አለ? አባ ጳኩሚስን ታውቀዋለህ?

ልጅ፦ የገዳማት አባት። መነኮሳትን በአንድነት ያኖረ።

አክስት፦ መጀመሪያ ክርስቲያን አልነበረም፤ ወላጆቹ አረማውያን ነበሩ። በ4ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ለሮም ጦር በግድ ተመለመለ፣ ከጓደኞቹ ጋር በግብፅ ቴብስ ላይ ተቆለፈበት። ማታ የከተማው ሰዎች ምግብ ይዘው መጡ። የእሱ ዘመድ አይደሉም፣ አያውቁትም፣ ነገ ወደ ጦር ሜዳ የሚነዳ ልጅ ነው፤ ብድር ሊመልስ አይችልም። “እነዚህ እነማን ናቸው?” ብሎ ሲጠይቅ ክርስቲያኖች ናቸው አሉት። ስብከት አልሰማም ገና። እንጀራ ነው የቀደመው። ያ ሰው በኋላ የሠራው ሥርዓት ነው ወደ እኛ ገዳማት የደረሰው። በድግስ አላምንም እንዴት ልበልህ? የማምነው በዚያ ዓይነት ድግስ ነው።

ልጅ፦ ሮማውያኑም ይህን አስተውለው ነበር አይደል? አንድ ጊዜ ስለ ዑልያኖስ ነግረውኛል።

አክስት፦ ከሐዲው ዑልያኖስ፣ ከ361 እስከ 363 የነገሠው። ለአንዱ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ የገሊላ ሰዎች የራሳቸውን ድኾች አብልተው የእኛንም ያበላሉ ብሎ አማረረ። በክርስቲያኖች ከቀናባቸው ነገሮች አንዱ ማዕዳቸው ነው።

ልጅ፦ እሺ። በገንዘቡ እንነጋገር። የያዝሁት ግማሹ ብቻ ነው። በእሱ ምን ይሆናል?

አክስት፦ ኅዳር 19 ጠዋት ቅዳሴና ፍትሐት። ለካህናቱ የሚገባቸው ይሰጣል። ከዚያ ድንኳኑ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ነዳያኑና የአብነት ተማሪዎች መጀመሪያ፣ ከእነሱ ጋር እኛ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ዳቦ። ጠላም በገብስ ትንሽ ይጠመቃል፤ እኔም እወዳለሁ። የሚተርፈውን ገንዘብ ለአባትህ ስል የማስበው ቦታ አለኝ።

ልጅ፦ የት?

አክስት፦ ከትምህርት ቤት ሊወጡ የተቃረቡ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ አባታቸው በቅርቡ ነው የሞተው። ስማቸውን ለማንም አልናገርም፤ አንተም አትጠይቀኝ።

ልጅ፦ ትኬቴን መቀየር አለብኝ። መመለሻዬ ኅዳር 18 ነበር። ለቅያሪው ይቀጡኛል፤ ሥራም አንድ ሳምንት ይቃጠላል።

አክስት፦ ይቃጠልብሃል። ወጪ የለውም አላልሁህም። ከፈለግህ ኅዳር 11 መጥተህ ዘመድ ጠይቀህ ተመለስ፤ አርባውን በቀኑ እኔ አወጣለሁ። አላዝንብህም።

ልጅ፦ አይ፣ ቀብሩም አምልጦኛል። እቀይረዋለሁ። ለጋሼ ግን እርስዎ ይንገሩልኝ።

አክስት፦ እኔማ አልናገርም።

ልጅ፦ እንዴ! ክርክሩን ያመጡት እርስዎ ነዎት።

አክስት፦ እኔ ብናገር “የመምህርቷ ነገር” ብለው ያልፉታል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ያሉት ነው። አንተ ግን ገንዘብ አለው የሚባለው ልጅ ነህ። አንተ ስትናገር ቸግሮት ነው አይሉም። ጫማህን አውልቀህ ግባ፣ ጉልበታቸውን ሳም፣ ቡና ጠጣ፣ ከዚያ ንገራቸው። ታላቃችን ናቸው፤ በስልክ እንዳትናገር።

ልጅ፦ ቢቆጡስ?

አክስት፦ ይቆጣሉ። አንተም አትመልስ። መጽሐፍ አትጥቀስባቸው፤ አምብሮስዮስንም ተወው።

ልጅ፦ ኅዳር 19 ላይመጡ ይችላሉ።

አክስት፦ ላይመጡ ይችላሉ። እንዲያውም አይመጡም ብለህ ያዝ፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።

ልጅ፦ ታዲያ የአባባ አርባ ያለ ታላቅ ወንድማቸው ሊሆን ነው?

አክስት፦ ማዕዱ ሲያልቅ የእሳቸውን ድርሻ በሰሃን ይዘህ ቤታቸው ትሄዳለህ። ከመለሱህ በማግሥቱ ደግመህ ትሄዳለህ።

ልጅ፦ ሽሮ ይዤ? ለጋሼ?

አክስት፦ የጾም ቀን ነው፤ ሌላ ምን ልትይዝ ነበር?